ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ስም

በለንደን ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ከዚህ ስትወጡ አንዳንዶቻችሁ ወደ አንዱ የሐበሻ ምግብ ቤት ጎራ ማለታችሁ አይቀርም። እንግዲያው አንድ ነገር እንድታዩልኝ እለምናችኋለሁ። ከባንኮኒው ጀርባ፣ ጠርሙስ ከሚደረደርበት አጠገብ፣ በፍሬም የገባ ወይም በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ተሰቅሎ ታገኛላችሁ። ዳር ዳሩን የወጥ እንፋሎት አወይቦታል፤ ቆሞ የሚያነበው የለም። ቤቱ መጠጥ እንዲሸጥ የተሰጠው ፈቃድ ማጠቃለያ ነው፤ እንዲሰቀልም ሕጉ ያስገድዳል። አድራሻው፣ መጠጥ የሚሸጥበት ሰዓት፣ የፈቃዱ ባለቤት ተጽፎበታል። ዝቅ ስትሉ ደግሞ የአንድ ሰው ስም አለ። ፈቃዱን የያዘው ኩባንያ ቢሆን እንኳ፣ እዚህ ቦታ ላይ የሚጻፈው የሥጋ ለባሽ ስም ነው። በሥራው ያሉ ሰዎች «ዲፒኤስ» ይሉታል። በእንግሊዝና በዌልስ ሕግ፣ በዚያ ቤት ለሚካሄደው የመጠጥ ሽያጭ ተጠሪ ሆኖ የተመዘገበው እሱ ነው።

ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚያ ስም ነው። ሰውየው ስሙ እዚያ ወረቀት ላይ ከመስፈሩ በፊት የወንጀል መዝገቡ ይታያል፤ ፖሊስም የመቃወም ዕድል አለው። ብዙ ዓመት የአገሬን ሰዎች ማመልከቻ ሳስሞላ ሁለት ነገር ታዘብኩ። የፖሊሱን ማጣሪያ ከሚገባው በላይ እንፈራዋለን። ስማችንን ለሌላ ሰው ስናበድር ደግሞ መፍራት የሚገባንን ያህል አንፈራም። ሁለቱም የሚመጡት ሕጉ የሚጠይቀውን በትክክል ካለማወቅ ነው።

ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው። በ1552 በእንግሊዝ ዙፋን ላይ የነበረው ኤድዋርድ ስድስተኛ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ፣ ሁለት የአካባቢ ዳኞች ካልፈቀዱ በቀር ማንም የጠላ ቤት እንዳይከፍት አዘዘ። ጠላ የምለው ኤል የሚሉትን የአገሩን መጠጥ ነው። ዳኞቹ ሲፈቅዱም ባዶ እጃቸውን አልነበረም። ባለቤቱ በቤቱ ረብሻና የተከለከለ ጨዋታ እንዳይኖር ግዴታ ይገባል፣ ዋስም ይጠራል።

ዋስ ሲባል እኛ ማብራሪያ አንፈልግም። እቁብ የደረሰው ሰው ዋስ ሳያቀርብ ገንዘቡን አይወስድም። ሥራ ሲቀጠሩም፣ ሲበደሩም ዋስ ይጠየቃል። ዋስ የሚሆንህ ውሎህንና አዳርህን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ብታጠፋ ከኪሱ እንደሚወጣ ስለሚያውቅ ላንተ ሲፈርም ሁለት ጊዜ ያስባል። በ1552 እንግሊዝ ውስጥ ፖሊስ የሚባል ተቋም አልነበረም፤ ለንደን መደበኛ ፖሊስ ያገኘችው በ1829 ነው። ስለዚህ ለመጠጥ ቤት የተደረገው የመጀመሪያው የጀርባ ማጣሪያ የጎረቤት ምስክርነት ነበር ማለት ይቻላል። ጥያቄውም ዛሬ የምንጠይቀው ነው። ማታ ሰዎች ሰክረው በሚቀመጡበት ቤት በሩን የሚይዘው ማን ነው?

ይህን ጥያቄ መጠየቅ የቀረበትም ዘመን ነበር። በ1830 የወጣ ሕግ፣ ግብር የሚከፍል ማንኛውም አባወራ በዓመት 2 ጊኒ ከፍሎ፣ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ፣ ቢራ ቤት እንዲከፍት ፈቀደ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ሕዝቡን ከጂን ወደ ቢራ ለመመለስና ትልልቆቹ ጠማቂዎች የያዙትን ገበያ ለመክፈት ታስቦ ነው። በወራት ውስጥ ከ20 ሺህ በላይ ቢራ ቤት ተከፈተ። ብዙው የድሃ ቤተሰብ ሳሎን ነበር፤ ለእንጀራ ፍለጋ በር የከፈተውን ሁሉ ወንጀለኛ ማለት አይገባም። ነገር ግን ሌባ የሚሸሸግበትን፣ የተሰረቀ ዕቃ የሚሸጥበትን ቤት ከደህናው ቤት ለይቶ ፈቃድ የሚከለክል ዳኛ አልነበረም። በ1869 ሥልጣኑ ወደ ዳኞች ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ እስከ 2005 ድረስ አመልካች ዳኞች ፊት ይቀርብ ነበር። ፖሊስ አስቀድሞ እንዲያውቀው ይደረጋል፤ መቃወሚያ ካለው ተነሥቶ ይናገራል። መለኪያው በአማርኛ «ብቁና ተገቢ ሰው» ልንለው የምንችል ሐረግ ነበር። የዚያ ዘመን ትዝታ አሁንም በአንዳንድ አሮጌ ፐብ መግቢያ ላይ ይታያል። ከበሩ በላይ፣ ቢራና ወይን እንዲሸጥ የተፈቀደለት ሰው ስም በትንንሽ ፊደል ተቀብቷል፤ ቀና ካላላችሁ አታዩትም።

ያንን ሐረግ አልወደውም። «ተገቢ» ማለት ለማን፣ በምን? እንዲህ ያለ ቃል ወሰን የለውም። ውስጡ ጥሩ ፍርድም ሊገባበት ይችላል፣ የሰው ንቀትም ሊገባበት ይችላል። ምን ብትመልስ እንደሚበቃም አታውቅም። በ2003 የወጣውና ከኅዳር 24 ቀን 2005 ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ ሐረጉን ጣለው። ፈቃድ የመስጠቱን ሥልጣን ከዳኞች ወደ ካውንስል አዛወረ። ለፖሊስም ጠበብ ያለ ጥያቄ ሰጠው። ለዚህ ሰው ፈቃድ መስጠት ወንጀልን የመከላከል ሥራ ይጎዳል ወይ? ሰውየው ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለው ክርክር ወጣ። ለእኔ ከሕጉ ሁሉ ትልቁ ማሻሻያ ይህ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ። መጠጥ በሚሸጥ ቤት ዲፒኤስ ለመሆን አስቀድሞ «ፐርሰናል ላይሰንስ» የሚሉትን የግል ፈቃድ መያዝ ግድ ነው። 18 ዓመት የሞላው፣ አጭሩን ፈተና ያለፈና በዚህ አገር የመሥራት መብት ያለው ሰው በሚኖርበት ሰፈር ካውንስል ያመለክታል። ክፍያው 37 ፓውንድ ነው። የመሥራት መብት የተጨመረው በ2017 ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዳቸው ጊዜ ያለው ወገኖቻችን ይህን ልብ ይበሉ። ከማመልከቻው ጋር ከ1 ወር ያልበለጠ ዕድሜ ያለው የወንጀል መዝገብ ማስረጃ ይያያዛል። አገር ቤት «ከወንጀል ነፃ» የምንለው ዓይነት ነው፤ እዚህ ዲቢኤስ ይባላል። ካሉትም ዓይነቶች የሚጠየቀው መሠረታዊው ብቻ ነው። በተጨማሪ በውጭ አገር የተፈረደበትን ጭምር የሚያሳውቅበት ቅጽ ፈርሞ ይሰጣል።

መዝገቡ ንጹሕ ከሆነና ሌላው ከተሟላ ካውንስሉ ፈቃዱን መስጠት አለበት። ፊቱን አይቶ፣ ስሙን ሰምቶ «አይሆንም» ማለት አይችልም። በመዝገቡ ላይ ሕጉ የዘረዘረው ጥፋት ካለ ለፖሊስ ያሳውቃል። ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ስርቆት፣ ማጭበርበር፣ የጦር መሣሪያ፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ ድብደባ፣ ወሲባዊ ጥቃት፣ ጠጥቶ መንዳት፣ ለልጅ መጠጥ መሸጥ ይገኙበታል። በፍጥነት በመንዳት የመጣ ቅጣት የለበትም። የፓርኪንግ ቅጣትማ ጭራሽ። ይህን የምለው፣ አንድ እናት የፓርኪንግ ቅጣታቸውን ቅጹ ላይ ሊጽፉ ሲሉ እጃቸውን ይዤ ስላስቆምኳቸው ነው።

ፖሊስ ያለው ጊዜ 14 ቀን ነው። በ14 ቀን ውስጥ መቃወሚያ ካላቀረበ ካውንስሉ ይሰጣል፤ የፖሊስ ዝምታ እንደ እሺታ ይቆጠራል። ከተቃወመ ግን ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለበት፤ ለአመልካቹም ይደርሰዋል። ከዚያ የካውንስሉ ኮሚቴ ሁለቱንም ወገን ይሰማል። አመልካቹ ጠበቃ ይዞ መምጣት ይችላል፣ የሚመሰክርለት ሰው ይዞ መምጣት ይችላል። ቢከለከል በ21 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል። ፖሊስ ዝም በማለቱ ብቻ የሰው ጉዳይ ለወራት መሳቢያ ውስጥ የሚያድርበትን አሠራር ለምናውቅ ሰዎች፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እንድትሰሙልኝ የምፈልገው ስለሚያልፍ ጥፋት ነው። በ1974 የወጣ አንድ ሕግ፣ ሰው ተቀጥቶ የተወሰነ ጊዜ በሰላም ከኖረ ጥፋቱ አለፈ ተብሎ እንዲቆጠር ይደነግጋል። ያለፈ ጥፋት በመሠረታዊው ዲቢኤስ ላይ አይወጣም፤ ለዚህ ፈቃድም አይቆጠርም። ጊዜዎቹ በ2023 አጥረዋል። ለአዋቂ ሰው የገንዘብ ቅጣት በ1 ዓመት ያልፋል። እስከ 1 ዓመት የሚደርስ እስራት፣ ፍርዱ ካበቃ ከ1 ዓመት በኋላ። ከ1 እስከ 4 ዓመት የሆነው ከ4 ዓመት በኋላ። ከዚያ የበለጠውም ከ7 ዓመት በኋላ ያልፋል፤ ሕጉ ለይቶ ያስቀመጣቸው ከባድ ወንጀሎች ሲቀሩ። ጠጥቶ መንዳት ግን በመንጃ ፈቃድ ላይ ስለሚመዘገብ 5 ዓመት ይቆያል።

ይህን በቃሌ ያስጠናኝ አንድ ሰው ነው፤ ስሙን አልጠራም፤ እኔ ጋሼ ነው የምለው። እዚህ አገር በገባሁበት ክረምት ሁለት ወር ቤቱ ያስተኛኝ፣ ካፖርቱን አውልቆ የሰጠኝ ሰው ነው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጣ። የምግብ ቤት ኪራይ ውል በካኪ ፖስታ ይዟል። ሻይ ቀረበለት፤ አልነካውም።

«ልጄ፣ ስምህን ብቻ ስጠኝ» አለኝ። «ሥራውን እኔ እሠራዋለሁ። አንተ አንድ ቀን መምጣት የለብህም።»

ያን ጊዜ የግል ፈቃዱን አውጥቻለሁ። የሚያስፈልገው ዲፒኤስ ሆኜ መፈረሜ ነበር። ለምን ራሱ እንዳላወጣ ጠየቅኩት። ዝም አለ። ቆይቶ፣ ከአንድ ሠርግ ሲመለስ ጠጥቶ ሲነዳ መያዙን፣ መቀጣቱን፣ መንጃ ፈቃዱም መታገዱን ነገረኝ። «መዝገቤ ቆሽሿል» አለ። ይህን ሲናገር ዓይኔን አላየኝም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልፈርምለት ነበር። እስክሪብቶውን አንሥቻለሁ። ካፖርት ያለበሰህን ሰው በምን አፍህ እምቢ ትለዋለህ? ይሉኝታ ያዘኝ። ያዳነን የአፍ ልማድ ነው፤ «መቼ ነበር ጋሼ?» አልኩት።

«አሥራ አንድ ዓመት አለፈው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። ያኔ ሕጉን በደንብ አላውቅም ነበር፤ ግን አሥራ አንድ ዓመት ረጅም መሰለኝ። ሰው ጠየቅን፣ ከዚያ ለዲቢኤሱ አመለከትን። ፖስታው ሲመጣ አብረን ነበርን። በቢላዋ ቀደደው፣ መነጽሩን አደረገ፣ አነበበ። ገለበጠው። ጀርባውን አየ። መልሶ ገለበጠው።

«የት አለ?» አለኝ።

ምንም አልነበረም። ሕጉ ጥፋቱን ከተወው ስድስት ዓመት አልፎታል። እነዚያን ስድስት ዓመታት ተሸክሞ የኖረው ማንም ያልጫነበትን ሸክም ነው። ፈተናውን በሁለተኛው ሙከራ አለፈ፣ ፈቃዱን በራሱ ስም አወጣ። እኔ በዚያ ቀን ፈርሜ ቢሆን ኖሮ ግን፣ ሊደበቅ የማይገባውን ሰው ከስሜ ጀርባ እደብቀው ነበር።

ሌላ ፍርሃት አለ፤ ይህ የእኛ ብቻ ነው። ቅጹ በውጭ አገር ስለተፈረደ ጥፋት ሲጠይቅ፣ በደርግ ዘመን ወይም ከዚያ ወዲህ የታሰሩ ሰዎች እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ወረቀት በመበተን፣ ስብሰባ በመገኘት፣ የድርጅት አባል በመሆን የተፈረደባቸው አሉ። ያለ ፍርድ የታሰረም አለ። እነዚህ አይምታቱባችሁ። ቅጹ የሚጠይቀው የተፈረደበትን ነው፤ ያለ ክስና ያለ ፍርድ መታሰር ጥፋተኛ መባል አይደለም። ተፈርዶ ከሆነና ጥፋቱ ቀደም ብዬ በነገርኳችሁ ሕግ ገና ካላለፈ ግን መጻፍ ይገባል፤ አውቆ ሐሰት መጻፍ ራሱ ወንጀል ነው። ከዚያ በኋላ ፖሊስ የሚመዝነው ያ ጥፋት እዚህ አገር በዝርዝሩ ላይ ካሉት ከአንዱ ጋር የሚመሳሰል መሆኑን ነው። መንግሥትን ተቃውሞ ወረቀት መበተን ከስርቆትም፣ ከማጭበርበርም፣ ከድብደባም ጋር አይመሳሰልም። አንድ አዛውንት ይህን ሳስረዳቸው፣ የታሰሩበትን ጉዳይ ራሳቸው በዝርዝር እንዲጽፉት ፈለጉ። ሁለት ገጽ ሆነ። የታሰሩበትን ምክንያት የሚጠይቃቸው መንግሥት ሲያገኙ የመጀመሪያቸው እንደሆነ ነገሩኝ።

እስካሁን ማጣሪያውን ሳመሰግን ሰምታችሁኛል። ቀዳዳውንም ልናገር። ሕጉ የወንጀል መዝገብ የሚጠይቀው የግል ፈቃድ የሚያወጣውን ሰው ነው። የቤቱን ፈቃድ የሚይዘው፣ ማለትም ገንዘቡን ያወጣው፣ ኪራዩን የፈረመው፣ ትርፉን የሚወስደው ሰው ይህን ማስረጃ አቅርብ አይባልም። ማመልከቻው ለ28 ቀን ክፍት ሲሆን ፖሊስ የሚያውቀው ነገር ካለ አስተያየት መስጠት ይችላል፤ ካላወቀ ያልፋል። ዲፒኤስ ላይም ቢሆን ፖሊስ የሚቃወመው ልዩ ሁኔታ ሲያጋጥም ነው። እንግዲህ አደገኛ ሰው ቤት መክፈት ቢፈልግ ምን ያደርጋል? ንጹሕ ስም ይፈልጋል። የማን ስም? የእኅቱን ልጅ፣ አዲስ የመጣውን አስተናጋጅ፣ ይሉኝታ የያዘውን እንደኔ ያለውን። ማጣሪያው ስሙን ያያል፣ ስሙ ንጹሕ ነው፣ ያሳልፈዋል።

በዋሽንግተን ዲሲ፣ ዩ ስትሪትና 9ኛው ጎዳና ላይ ያሉት ወገኖቻችን በዚህ በኩል የተሻለ ሕግ አላቸው። የከተማዋ ሕግ አመልካቹ የድርጅቱ እውነተኛ ባለቤት እንዲሆን፣ ንግዱንም ለራሱ እንጂ ለሌላ ሰው ወኪል ሆኖ እንዳይሠራ ይጠይቃል። ይህ ጥንቃቄ ከታሪካቸው የመጣ ነው። አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥን በሕገ መንግሥት ከልክላ ነበር። እገዳው ሲነሣ በስውር ንግዱ የከበሩት ወንበዴዎች የሰው ስም ለብሰው በፊት በር እንዳይገቡ ተሰግቶ ነበር። የለንደን ሕግ አውጪዎች ያንን ዓይነት ዘመን ስላላዩ ይመስለኛል ጥያቄውን እዚያ ድረስ ያልገፉት። ሊገፉት ይገባል ብዬ አምናለሁ። ከቤቱ ትርፍ ትልቁን ድርሻ የሚወስድ ሰው፣ ባንኮኒ ላይ ከሚቆመው ሰው ያነሰ መጠየቅ የለበትም።

ሁለተኛው ቀዳዳ ጊዜ ነው። ከ2015 ጀምሮ የግል ፈቃድ ማደስ ቀርቷል፤ አንዴ ከወጣ ዕድሜ ልክ ነው። ማጣሪያውም አንድ ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሰውየው በዝርዝሩ ባለ ጥፋት ቢከሰስ ፈቃድ እንዳለው ለፍርድ ቤቱ ማሳየት፣ ቢፈረድበትም ለካውንስሉ ማሳወቅ ያለበት ራሱ ነው። ካውንስሉ ሲያውቅ ከ2017 ወዲህ እስከ 6 ወር ማገድ ወይም መሰረዝ ይችላል፤ ግን ማወቁ በዋናነት በሰውየው ሐቀኝነት ላይ ቆሟል። ማደሱን ያስቀሩት ወረቀት ለመቀነስ ነው፤ ይገባኛል። ቢሆንም በየአሥር ዓመቱ አንድ ዲቢኤስ መጠየቅ ማንንም አያደኸይም ነበር።

ስም ለምታበድሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሌሊት ጠብ ተነሥቶ ጠርሙስ ሲሰበር፣ ለ16 ዓመት ልጅ ቢራ ሲሸጥ፣ ፖሊሱ ገብቶ በመጀመሪያ የሚያነበው ያንን ወይቦ የተሰቀለ ወረቀት ነው። የሚደውለውም እዚያ ለተጻፈው ሰው ነው። ዲፒኤስ ሌት ተቀን ቤቱ ውስጥ ይቀመጥ የሚል ሕግ የለም፤ ነገር ግን ቤቱን በየዕለቱ የሚመራ፣ ሠራተኛውን የሚያውቅ፣ ሲጠሩት የሚደርስ ሰው እንዲሆን ይጠበቃል። ሌላ ከተማ የምትኖር፣ ቤቱን አንድ ጊዜ ለምርቃት ያየችው ልጅ ለፖሊሱ ምን ትመልሳለች? የፈረመችው ለአጎቷ ብላ ነው። ተጠሪዋ ግን እሷ ናት። ስሟን ለማውጣት እንኳ የት እንደምትጽፍ አታውቅም። ብታውቅ ለካውንስሉ በጽሑፍ አሳውቃ ከኃላፊነቱ መውጣት ትችላለች። ዛሬ እንዲህ ስሙን ያበደረ ሰው እዚህ ካለ ነገ ጠዋት ይጻፍ።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ። እዚያ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለቱን ቅጽ፣ የግል ፈቃድ ማመልከቻውንና የጥፋት ማሳወቂያውን፣ ሠላሳ ሠላሳ ቅጂ አድርጌ አምጥቻለሁ። እስክሪብቶም አለ። ጥፋቱ አልፏል አላለፈም ብሎ የሚጨነቅ ሰው ካለ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ይንገረኝ፤ ምን እንደነበረ እንኳ በሰው ፊት መናገር የለበትም። ቆጥረን እናየዋለን። አዳራሹ እስከሚዘጋ እዚሁ ነኝ።